ለአጎቴ የላክሁት ብስክሌት

ጄራልዲን፣ ኒው ዚላንድ
መጋቢት 3 ቀን 2022 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለውድ አጎቴ ለቨርጂል ሃውገን፤

ከሁሉ አስቀድሜ የናፍቆት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ክረምቱን እንዴት ተወጡት? በብረት የተተካው አዲሱ ጉልበትዎስ ለመደልዎ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ በጋው እያለቀ ነው፤ ወንዶቹ አጋዘኖች ማግሳት ጀምረዋል። የአጋዘን እርባታ ሐኪም ሆኜ እዚህ ስኖር ዘጠነኛ ዓመቴ ነው፤ ሆኖም ሲያገሱ በሰማሁ ቁጥር እዚያ ተራራው ላይ ከእርስዎ ጋር ያለሁ ይመስለኛል።

ለገና የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብሁት። «በቅሎዎቹን ሸጥኳቸው» ብለው በአንድ መስመር ያለፉት ነገር ልቤ ላይ ቀረ። ሐኪሙ ሸክም ይዘው ዳገት እንዳይወጡ መከልከሉን አውቃለሁ። «ከእንግዲህ ኤልክ የማየው በመስኮት ነው» ብለዋል። ሃምሳ ዓመት ያንን ትልቅ የተራራ አጋዘን ያደነ ሰው መስኮት ሥር ቁጭ ብሎ ማሰብ አልሆነልኝም።

ስለዚህ አንድ ነገር አድርጌአለሁ፤ እንዳይቆጡኝ። እዚህ ብዙ አዳኞች ወደ ጫካ የሚገቡት በኤሌክትሪክ ብስክሌት ነው። ፔዳሉን ሰው ይመታል፣ ሞተሩ ያግዛል። ድምፅ የለውም። ጎማው ወፍራም ስለሆነ ድንጋይም ጭቃም አይበግረውም። ከኋላው ሥጋ የሚጫንበት ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች ይታሰርለታል። ጎረቤቴ ሰባ አራት ዓመቱ ነው፣ ሁለት ጊዜ ልቡን የታከመ ሰው ነው፤ በዚህ ብስክሌት እኔ በእግሬ የማልደፍረው ቦታ ደርሶ ይመለሳል።

እርስዎ ከተማ ካለው ብስክሌት ሻጭ ጋር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ። በረዶው ሲቀልጥ ቤትዎ ድረስ ያመጣልዎታል። እምቢ እንዳይሉኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ዘመዴ ብዬ የምጽፍለት ሰው ከእርስዎ በቀር የለኝም።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የእህትዎ ልጅ ማርላ


ሃርትሊ ክሪክ፣ ሞንታና
ግንቦት 15 ቀን 2022

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ ለማርላ፤

እንዴት ነሽ ልጄ? ሥራው እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ዝናብ ሲመጣ ካልሆነ በቀር አይናገረኝም።

ብስክሌቱ ደረሰ። ሻጩ ከመኪናው እያወረደው «ለልጅ ልጅዎ ነው?» አለኝ። «ለራሴ ነው» ስለው ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ ጎማ መመርመር ጀመረ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የመጀመሪያው ቀን ከነብስክሌቱ የጎረቤቴ አጥር ውስጥ ገባሁ። በሁለተኛው ቀን እስከ ፖስታ ሳጥኑ ደረስኩ። በሳምንቱ ወደ አሮጌው የእንጨት ኩባንያ መንገድ ሄድኩ። በሩ ለመኪና ዝግ ነው፤ ጠባቂው ግን «ብስክሌት ይገባል» አለኝ። ያ በቅሎዎቼን ያስለከልክ የነበረ ዳገት፣ ማርላ፣ ሜዳ ሆነልኝ። ላይ ስደርስ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ነፋሱ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

አንቺ አልጠየቅሽም፤ እኔ ግን ልንገርሽ። አባትሽ ዛሬም እሁድ እሁድ ቁርስ የሚበላው እኔ ዘንድ ነው። ብስክሌቱን ዞሮ ዞሮ አየው።

«ማን ላከልህ?»

«ማርላ።»

ከዚያ ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ «ጥሩ ጎማ ነው» አለ። ፓንኬኩን አልጨረሰውም።

አባትሽ ሌስተርም ሰባ አንድ ዓመት ሞላው። እግሩ ከእኔ ይሻላል፤ ትንፋሹ ግን ዳገት ላይ ያጥረዋል። አንዳንዴ ብስክሌቱን ላውሰው አስቤ ነበር። ቅር ይልሻል?

አምላክ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ።

አጎትሽ ቨርጂል


ጄራልዲን
ሐምሌ 20 ቀን 2022

ለውድ አጎቴ፤

ሰላምዎ ይብዛልኝ። አጥር ውስጥ መግባትዎን ሳነብ መሥሪያ ቤት ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ያዩኝ ሰዎች አብጄ መስሏቸዋል።

የአደን ወቅት ሳይደርስ ጥቂት ማሳሰቢያ አለኝ። ባትሪው ብርድ አይወድም። ውርጭ ሲሆን ኃይሉ ግማሽ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ማታ ቤት ውስጥ ያሳድሩት። ተጎታቹ ሲጫን ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ፣ ፈጣን ነው ብለው ብቻዎን እንዳይርቁ።

ስለጠየቁኝ ነገር፦ ብስክሌቱን የላክሁት ለእርስዎ ነው።

ጤና ይሁኑልኝ።

ማርላ


ሃርትሊ ክሪክ
ኅዳር 27 ቀን 2022

ለምወድሽ ልጄ ለማርላ፤

እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን፤ ዘንድሮ ወንድ ኤልክ ጣልኩ! ቀንዱ በየጎኑ ስድስት ስድስት ቅርንጫፍ አለው። እንዴት እንደሆነ ላጫውትሽ።

የመክፈቻው ቀን ጠዋት እኔና አባትሽ ከሩቅ የሚታየውን ብርቱካናማ የአደን ሰደርያችንን ለብሰን በሩ ጋ ደረስን። «በብስክሌቱ እንፈራረቅ» ብለው «ለአንተ ነው የተላከው» አለኝ። «እንግዲያው ቀስ ብዬ ከጎንህ ልንዳ» አልኩት።

«ሂድ ወዲያ! የሙሽራ አጃቢ ልታስመስለኝ ነው?»

ሄድኩ። ከበሩ እስከ ቀዝቃዛው ምንጭ ሰባት ማይል ነው። በእግር ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ እኔ አርባ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ዛፎቹ ቢጫ ቅጠላቸውን መንገዱ ላይ አራግፈውት፣ ጎማዬ ስጋጃ ላይ የሚሄድ ይመስል ነበር። ከምንጩ በላይ ደገፍ ብዬ ገና ትንፋሼን ስሰበስብ ወንዱ ከጫካው ወጣ። አልሰማኝም፣ አላሸተተኝም። አንድ ጥይት በቃው።

ሌስተር ሲደርስ ብልቱን አውጥቼ ጨርሻለሁ። ቆሞ አየውና «ደህና ወንድ ነው» ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ለብዙ ጊዜ አልተነሳም።

«ምነው ቆየህ?» አልኩት ለቀልድ።

«መንገዱ ረዘመ።»

«መንገዱማ ያው ነው።»

«አዎ፣ ያው ነው» አለ።

ሥጋውን በሁለት ምልልስ በተጎታቹ አወረድኩ። ቀንዱን ግን እሱ በጀርባው ተሸክሞ ወረደ። ከሥጋው ጋር ላስረው ብለው እምቢ አለኝ። አርባ ዓመት ሙሉ፣ የእኔም ግዳይ ሆነ የእሱ፣ ቀንድ የሚያወርደው እሱ እንደነበር ታስታውሺያለሽ። ጠባቂው ያነሳንን ፎቶግራፍ ልኬልሻለሁ።

እንደ ወጣት አድርገሽኛል፤ አምላክ ያሰብሽውን ያሳካልሽ።

አጎትሽ ቨርጂል


ጄራልዲን
ጥር 16 ቀን 2023

ለውድ አጎቴ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰዎ! እንኳን ቀናዎ! ፎቶግራፉን ማቀዝቀዣዬ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ የሚገባ የሚወጣውን ሁሉ «አጎቴ ነው» እላለሁ። እናቴ የምትሠራውን የኤልክ ቋንጣ ቅመም ካስታወሱ ይጻፉልኝ፤ እዚህ ብሞክረው አልመጣልኝም።

ከፎቶው ጥግ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ሰው አለ። ቀንዱን የተሸከመው። ካፖርቱ በጣም ሰፍቶታል። እንዲያ ከስቷል እንዴ?

መልስ ባይሰጡኝም ግድ የለም። ዝም ብዬ ነው የጠየቅሁት።

ማርላ


ሃርትሊ ክሪክ
ሰኔ 4 ቀን 2023

ለምወድሽ ለማርላ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታሽን። የቋንጣውን ቅመም በሌላ ወረቀት ጽፌልሻለሁ፤ ቁንዶ በርበሬውን እናትሽ ከምትናገረው በላይ ነበር የምትጨምረው።

አዎ፣ ከስቷል።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ ነው። ባለፈው ሳምንት ጋራዥ ስገባ አንድ ሰው ብስክሌቱ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አልነዳውም። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ግድግዳውን እያየ ተቀምጦ ነበር። ሲያየኝ ወረደና «ሰንሰለቱ ዘይት ይፈልጋል» ብሎኝ ወጣ።

ሌላ ብስክሌት ያስፈልገኛል፣ ለአንድ ወዳጄ። ዋጋውን እኔ እችላለሁ፤ ኮርቻዎቹን የሚገዛኝ ሰው አግኝቻለሁ። ችግሩ ዋጋው አይደለም። ከእኔ ከሆነ አይቀበለውም። ከአንቺ የመጣ ከሆነ ግን ይቀበላል። ለሻጩ አንድ ጊዜ ደውይለት። ስምሽ ወረቀቱ ላይ ይኑር እንጂ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። ለማን እንደሆነ እንድናገር አታድርጊኝ።

በጥቅምት አደኑ ይከፈታል።

አጎትሽ


ጄራልዲን
ነሐሴ 29 ቀን 2023

ለውድ አጎቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ሥራ በዝቶብኝ ዘገየሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ሻጩን ጠይቄው ነበር። እንዲህ ዓይነቱ አልቋል፣ እስከሚመጣው ጸደይ አይገባም አለኝ። ያኔ እናየዋለን።

ለአደኑ መልካም ዕድል። ባትሪውን አይርሱ።

ማርላ


ጄራልዲን
ታህሣሥ 18 ቀን 2023

ለአጎቴ ለቨርጂል፤

በኅዳር ጻፍሁልዎ፣ መልስ የለም። ሦስት ጊዜ ደወልሁ፣ ስልኩ ይጠራል እንጂ አይነሳም። አደኑ እንዴት ሆነ? ጉልበትዎ ነው? ወድቀው ነው? ጽሕፈት ካቃተዎ ጎረቤት አንዲት መስመር ይጻፍልኝ። ደህና መሆንዎን ብቻ ልወቅ።

እዚያ ያለውን ሰው ሁሉ እግዚአብሔር ይጠብቅ። ሁሉንም።

ማርላ


ሃርትሊ ክሪክ
ጥር 6 ቀን 2024

ማርላ ልጄ፤

እንደምን ነሽ ብዬ መጀመር አሳፈረኝ። ስልኩ ሲጮኽ አንቺ መሆንሽን አውቅ ነበር። ቆሜ እያየሁት ነው የተውኩት። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነው አባትሽ ነው። በሕይወት አለ፤ አስቀድሜ ይህን ልንገርሽ። የቀረውን በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ካቋረጥኩት አልጨርሰውም።

የመክፈቻው ቀን በረዶ ወርዶ፣ ሌሊቱን ረግቶ መንገዱ መስታወት ሆኖ ነበር። በሩ ጋ «ዘንድሮ እዚሁ ቅርብ ብናደባስ?» አልኩት።

«በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅህ ኤልክ አይተህ ታውቃለህ?»

«መንገዱ ያንሸራትታል እኮ ሌስተር።»

«አንተ ሞተር ላይ ሆነህ ነው መንገድ የምትነግረኝ? ሂድ። ሳንድዊቹን ብቻህን እንዳትጨርሰው።»

ሄድኩ። ምንጩ ጋ ስደርስ ገና ጠዋት ነበር። እኔና እሱ አርባ ዓመት ያልጣስነው ደንብ ነበረን፤ ሁለተኛው ሰው ሳይደርስ ማንም ከምንጩ አይነቃነቅም። አዲስ ዱካ አየሁ፤ ወደ ማዶው ሸንተረር ያልፋል። ሰዓቴን አየሁ። እሱ እስኪመጣ ከሁለት ሰዓት በላይ ይቀረዋል። በእግሬ ብሆን ኖሮ አብረን ነበር የምንደርሰው፣ ሰዓት የማይበትም ምክንያት አልነበረም። «ሳይደርስ እመለሳለሁ» ብዬ ተነሳሁ።

ረፋዱ ላይ ተኩስ ሰማሁ። ሦስት ተኩስ፣ በመካከሉ እኩል ፋታ ካለው፣ ድረስልኝ ማለት ነው። ይህን ለአንቺም በልጅነትሽ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። እኔ ግን ቁልቁለት እየወረድኩ ነበር፣ ነፋሱ ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል። የሰማሁት ሁለት ነው። «ቀናው!» አልኩ። ብቻዬን ሳቅኩ፣ ማርላ። እሱ በረዶ ላይ ወድቆ ሲጠራኝ እኔ ደስ ብሎኝ ሳቅኩ።

እኩለ ቀን ላይ ሴት ኤልክ ጣልኩ። ብልት ማውጣቱና መጫኑ ጊዜ ፈጀ። ስመለስ ምንጩ ጋ የለም። ግዳዩን እያወራረደ ይሆናል አልኩ። አንቺ እንዳልሽው ብርዱና ጭነቱ ባትሪውን ጨርሰውት፣ ግማሹን መንገድ እየገፋሁ ወረድኩ። ከበሩ ሁለት ማይል ሲቀረኝ፣ ጎርፍ መንገዱን የበላበት ቦታ፣ ጥድ ተደግፎ ተቀምጦ አገኘሁት። ጠመንጃው ጭኑ ላይ ነው። ከንፈሩ ጠቁሯል።

«ሌስተር! ምን ሆንክ?»

«ዳሌዬ ነው። አትጩህብኝ፣ እሰማለሁ።»

«ተኩሰህ ነበር… ሰምቼ እኮ…»

«ሰምተህ ነበር?» አለኝ።

ዓይኑን ጨፈነና «እኔ እንኳ ሳይሰማ ቀርቶ ነው ብዬ ነበር» አለ። ይህን ሲል አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሙሉ ነው እዚያ የቆየው። ሥጋውን በረዶው ላይ ዘርግፌ እሱን ተጎታቹ ላይ አስተኛሁት። ካፖርቴን አለበስኩት። ያንን ሁለት ማይል በዚህ ብረት ጉልበት፣ ፍሬኑን በአንድ እጅ፣ እሱን በሌላ እጅ ይዤ አወረድኩት። መጀመሪያ ላይ ይቀልድ ነበር። «ዘንድሮ ያረጀ ነው የገደልከው፣ ሥጋው አይበስልም» አለኝ። ኋላ መቀለዱን ተወ። ኋላም ኢንገር፣ ኢንገር እያለ እናትሽን መጣራት ጀመረ።

ሆስፒታል ዳሌውን ጠገኑት። ውርጭ የበላቸውን አራት የእግር ጣቶች ቆረጡለት። ሳንባው ግን አልተመለሰም። ከታህሣሥ ጀምሮ እኔ ቤት ነው።

እስካሁን የጻፍኩት ቀላሉን ነው። አሁን ከባዱን ልጻፍ።

የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ «ብስክሌቱን የላክሁት ለእርስዎ ነው» ያልሽበትን ደብዳቤ ያነበብኩት እሁድ ቁርስ ላይ ነው፣ ጮክ ብዬ። ብስክሌቱ ከመጣ ወዲህ ደብዳቤሽን ሁሉ ለእሱ አነብለታለሁ፤ አነብለታለሁ ብዬሽ አላውቅም። ዓይኔ መስመሩ ላይ ሲደርስ አፌ ቀድሞት ነበር። ሰምቶ «ልክ ናት» ነው ያለው።

ሌላም አለ። እናትሽ የሞተች ሳምንት አባትሽ ተራራ ላይ ነበር። ሚስቱ እየሞተች አደን የሄደ ሰው ብለሽ ቀብሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጮኽሽበት። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ማርላ፣ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ገና ሳምንታት አሏት ብሎን ነበር። እሱ አልሄድም አለ። እህቴን እንደዚያ ሆና ማየት ያልቻልኩት እኔ ነኝ። ብቻዬን መሄድ ፈራሁ። «ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ እሷም እንዲህ ሆና እንድታያት አትፈልግም» እያልኩ ሁለት ቀን ጨቀጨቅኩት። በሄድን በሁለተኛው ቀን አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ እውነቱን ልነግርሽ ስነሳ ክንዴን ያዘኝ። «ተዋት» አለኝ። «እናቷን አጥታለች፣ እኔን ጠልታለች። አንድ የምትወደው ዘመድ ይቅርላት።» እኔም ተውኩት። ለእሱ ብዬ አይደለም። ስለተመቸኝ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት «ውድ አጎቴ» ስትይኝ ተመችቶኝ ኖርኩ።

ከእንግዲህ ምን ብዬ እንደምፈርም አላውቅም።

ቨርጂል


ጄራልዲን
የካቲት 22 ቀን 2024

አጎቴ፤

ሰላምታውን ትቼዋለሁ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀደድሁት። ሳምንት ሙሉ እርስዎን ስጠላ፣ ሌላውን ሳምንት ራሴን ስጠላ ሰነበትሁ። አሥራ ሁለት ዓመት! አንድ ዓረፍተ ነገር እኮ ነው። አንድ ፖስታ ላይ የሚበቃ ዓረፍተ ነገር አሥራ ሁለት ዓመት ይዘው ተቀመጡ። የሠርግ ግብዣ አልላክሁለትም። ስፋታም አልነገርሁትም። በልደቱ ቀን በየዓመቱ ስልኩን አንስቼ አስቀመጥሁት።

ግን እኔም አለብኝ። ሁለተኛውን ብስክሌት ሻጩን አልጠየቅሁትም። ደውዬለትም አላውቅም። ለማን እንደሆነ ገና ከመጀመሪያው መስመር ገብቶኝ ነበር። ጋራዥ ውስጥ መሪውን ይዞ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። «ልመናው ከራሱ ይምጣ» አልሁ። አልቋል ብዬ ዋሸሁ። በጥቅምት መንገዱን በእግሩ የሄደው በእኔ ምክንያት ነው።

ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለው ያንብቡለት። እስካሁን ያለውንም፣ ከዚህ በታች ያለውንም። አንድም መስመር አይዝለሉ።

አባዬ፣ ማርላ ነኝ። ቀብሩ ላይ ያልሁህን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ አንዱንም አልረሳሁም። አንተም እንዳልረሳኸው አውቃለሁ። ለምን ዝም አልህ? ብትቆጣኝ፣ ብትጽፍልኝ፣ «ውሸት ነው» ብትለኝ ምን ነበረበት? ይቅርታ መጠየቅ እንኳ ከየት እንደሚጀመር ጠፍቶኛል። ልምጣ? ነይ ካላልኸኝ ግን ደፍሬ አልመጣም።

ማርላ


ሃርትሊ ክሪክ
መጋቢት 14 ቀን 2024

የምጽፈው እኔ ቨርጂል ነኝ፤ የሚናገረው አባትሽ ነው። ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፣ እጄን እያየ ነው። ደብዳቤሽን አነበብኩለት። ሁሉንም። አንዴ ከጨረስኩ በኋላ «ድገመው» አለኝ፣ ደገምኩለት። ከዚህ በታች ያለው የእሱ ቃል ነው።

ማርላ፤

ቨርጂል «ውድ» ብሎ ሊጽፍ ነበር፣ እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ከባንክ የመጣ ደብዳቤ ይመስላል። አንቺ ማርላ ነሽ፣ በቃ።

ቨርጂልን አትውቀሺው። እግሬን በገመድ አስሮ አልጎተተኝም። (ይህን አልጽፍም ብለው «ጻፍ አንተ፣ የእኔ ደብዳቤ ነው» አለኝ።) ጨቅጭቆኛል፣ እውነት ነው። እኔ ግን ሲጨቀጭቀኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እሱ ባይመጣ ሌላ ሰበብ እፈልግ ነበር። እናትሽ ስታቃስት ኮሪደሩ ላይ ቆሜ መግባት አቅቶኝ ነው የሰነበትኩት። ከተኮስኩት አውሬ ሁሉ አንዱንም ፈርቼ አላውቅም፤ ያን በር ግን ፈራሁ። ስሄድ እጄን ይዛ «ሥጋ ይዘህልኝ ና» አለችኝ። መብላት ካቆመች ሰንብታ ነበር። እንዳላፍር ብላ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ቨርጂልም ዛሬ መስማቱ ነው፣ ይኸው ብዕሩን አስቀመጠ።

አንሳው ቨርጂል።

ስለዚህ ስትጮኺብኝ ውሸት ነው ማለት አልቻልኩም። ውሸት አልነበረማ።

የብስክሌቱን ነገር ተይው። ቢመጣም አልነዳውም ነበር፤ ያን ያህል አላረጀሁም። የወደቅኩት ዓይኔን ሰማይ ላይ ሰቅዬ ስለሄድኩ ነው። ዝይዎች ያልፉ ነበር።

ነይ ካላልከኝ አልመጣም ብለሻል። ነይ። አሁን ግን አይደለም። አሁን መንገዱ ጭቃ ነው፣ እኔም ጺሜን አልተላጨሁ፣ ቤቱም መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። በሰኔ ነይ። በሰኔ ሣሩ ይወጣል፣ ወንዙም ይጠራል። ያኔ በረንዳ ላይ መቀመጥ እችላለሁ። በደንብ ሆኜ ልይሽ እፈልጋለሁ።

ደብዳቤ ምን ተብሎ እንደሚጨረስ አላውቅም፤ ጽፌ አላውቅም። አባትሽ ነኝ በልልኝ።

አባትሽ ሌስተር

ማርላ፣ ከዚህ በታች ያለው የእኔ ነው። እሱ ተኝቷል፤ ይህን አላነብለትም። ሐኪሟ ትናንት መጥታ ነበር። ደረቱን አዳምጣ ወደ ወጥ ቤት ጠራችኝና በሩን ዘጋችው። ያለችኝን ቃል በቃል አልጽፈውም፤ በስልክ እነግርሻለሁ። ደውይ፣ አነሳለሁ።

እሱ በሰኔ ይላል። አንቺ ሰኔን አትጠብቂ።

ቨርጂል